የገዳሙ ሕመም

ጥቅምት 5

የሠርግ ቀጠሮ የምጽፍበት ደብተር ከኋላ በኩል ባዶ ነው። ገልብጬ ጀመርሁት። ከፊት ሙሽሮች፣ ከኋላ እኔ።

አዲሱ ሥራ ይህ ነው። እትዬ ሥራነሽ የሚያሠለጥኑት የውዝዋዜ ቡድን ባሕር ዳር ለሚደረግ የባህል ድግስ ሊያመለክት ነው። አዘጋጆቹ የመድረኩ ጭፈራ ብቻ አይበቃንም ብለዋል። ከመጋረጃ ጀርባ እንዴት እንደምትለማመዱ፣ እንዴት እንደምትለብሱ፣ እንዴት እንደምትኳረፉ የሚያሳይ የሃያ ደቂቃ ፊልም ላኩ ተባለ። (መኳረፉ የእኔ ጭማሪ ነው፤ ግን ያለ እሱ ምን ፊልም አለ?) የመጨረሻው ትርኢት ኅዳር 14 ነው፣ የነቢያት ጾም ቅበላ። ከዚያ ወዲያ እስከ ገና የሚጨፍር የለም። አርባ ቀን የማይሞላ ጊዜ አለኝ። እስካሁን ሙሽራ ኬክ ሲቆርስ እንጂ ሌላ ነገር ቀርጬ አላውቅም።

ስምንት ናቸው። ስድስት ተወዛዋዥ፣ አንድ ከበሮ መቺ፣ አንድ ደግሞ መሰንቆ የሚጫወትና የሚያዜም፣ ገዳሙ የሚባል። የሚለማመዱት ከከሪማ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለው ሰፊ ክፍል ነው። ልብሳቸውን የምትሰፋውም ከሪማ ናት፣ በግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ይሰማል።

ከገባሁበት ደቂቃ ጀምሮ «ካሜራ» ብለው ይጠሩኛል። ካሜራ ወዲህ፣ ካሜራ ወዲያ። ስሜን የጠየቀኝ ገዳሙ ብቻ ነው። «ጤናዬ» አልሁት። «ጤናዬ» አለ፣ ቀስ ብሎ። እናቴ ሁለት ዓመት ታማ እኔን ስትወልድ ድና ነው ያወጣችልኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ጤናዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው» እያለ ያልቀለደብኝ ሰው የለም። ስሜን መስማት ካቆምሁ ቆየሁ።

ጥቅምት 8

ብርድ። ጧት ጣቴ ቁልፍ መጫን አቃተው። አንድ ባትሪ ሞተ። መብራት ሁለቴ ሄደ።

እትዬ ሥራነሽ ለወንጌላዊት፦ «ትከሻሽን አትዘዥው፣ ፍቀጅለት!» ወንጌላዊት የቡድኑ ትንሿ ናት፤ ስትጨፍር ፊቷ ሁሉ ይስቃል። ቀረጽሁት። ወርቅ የሆነ ምስል ነው።

ጥቅምት 11

ዛሬ የድምፅ ቀን ነበር። ገዳሙ ጥግ ይዞ መሰንቆውን እየቃኘ ለራሱ ያንጎራጉራል። ጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ቀረብሁት። ወፍራም ድምፅ አለው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰበራል። ለቀረጻ የሚመች ድምፅ ነው ማለቴ ነው። እንዲህ ይላል፦

ምነው ከሳህ ቢሉኝ ምን ብዬ ልንገር፣
ጤናዬን ነው እንጂ ምን አጣሁ ካገር።

አዘንሁ። ሰውየው ታሟል። ማታ የመጀመሪያው ቀን ያነሳሁትን ፎቶውን አውጥቼ ከዛሬው ጋር አስተያየሁ። ጉንጩ የጎደለ ይመስላል። ወይም መብራቱ ይሆናል። እርግጠኛ ለመሆን አሥራ አንድ ፎቶ አየሁ።

ወንጌላዊት «ሰማሽው ካሜራ?» አለችኝ። «ሰማሁት፣ ምንም ጫጫታ አልገባበትም» አልኋት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ልጅ ናት።

ጥቅምት 14

ዝንጅብል በማር አፍልቼ በፔርሙዝ ወሰድሁለት። «ለሕመምህ» ብዬ ሰጠሁት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ሥራነሽ እንኳ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ። የታመመ ሰው ላይ መሳቅ ነውር ነው። ልናገራቸው ነበር፣ ግን ቀረጻ ላይ ነኝ።

ገዳሙ አልሳቀም። ሦስት ኩባያ ጠጣ። «ቀለል አለኝ» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ዓይኑ ያበራል። ትኩሳት ያለው ሰው ዓይኑ እንደዚያ ያበራል።

ጥቅምት 19

ዛሬ ደግሞ በሙሉ ልምምድ መሀል፣ ከበሮው እየተመታ፦

መርፌ አልወጋም እኔ ኪኒንም አልሻ፣
ጤናዬ ይሻለኛል እስከ መጨረሻ።

ተወዛዋዦቹ እልል አሉ። ከሪማ ከግድግዳው ማዶ መኪናዋን አቁማ «ኧረ መድኃኒቱን ስጡት ሰውየውን! በአላህ ስጡት!» ብላ ጮኸች። እኔ ምን አልሁ ታዲያ? ከዚህ ሁሉ ሰው አእምሮ ያላት ከሪማ ብቻ ናት። ሕክምና የሚፈራ ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም። መርፌ አልወጋም ይላል እንዴ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው!

ልምምዱ ሲያልቅ ቆርጬ ነገርሁት። «ሐሙስ ለት ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።» «አንች ካልሽ» አለኝ።

ፊልሙን በተመለከተ ጭንቀት ላይ ነኝ። ሠላሳ ሰዓት ቀርጫለሁ። ዛሬ ስለየው ግማሹ የገዳሙ እጅ ነው። የሌሎቹም እጅ መቀረጽ አለበት።

ጥቅምት 20

ሐኪም ዘንድ ደርሰን መጣን። አንድ ሰዓት ተኩል ወረፋ ይዘን ስለ መሰንቆ ጭራ አስተማረኝ። የነጭ ፈረስ ይሻላል ይላል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «ምንህን ነው የሚያምህ?» አለው። ገዳሙ ደረቱን ነካ። «መቼ መቼ ይብስብሃል?» «ልምምድ ላይ። ካሜራው ሲበራ።» ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «አንች ምኑ ነሽ?» «ቀራጯ ነኝ» አልሁ። ሐኪሙ ማዳመጫውን አወለቀ። «ልቡ እንደ በሬ ነው። አብራችሁ ዞር ዞር በሉ» ብሎ ሸኘን።

ስንመለስ የባቄላ እሸት ገዛልኝ። እየፈለፈልን በእግር መጣን። «አልተናደድሽብኝም?» አለኝ። «ደህና በመሆንህ ማን ይናደዳል» አልሁት። እሸቱ ሳያልቅ ደረስን። ከከተማችን ፒያሳ እስከ ከሪማ ሱቅ እንዲህ ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ግማሽ ቀን ልምምድ በእኔ ምክንያት ባከነ። እንዳይደገም።

ጥቅምት 29

የይጁቤ ገበያ! ገና አሁን አቧራውን ከፀጉሬ አራገፍሁ።

እትዬ ሥራነሽ ተወልደው ያደጉት እዚያው አጠገብ ነው። «ጭፈራውን የተማርሁበትን ገበያ ሳታሳይ ምኑን ፊልም ሆነ» ብለው በአይሱዙ ጭነው ወሰዱን። ገና ከመኪናው ሳንወርድ ከበሮው ተመታ። ጤፍ ሻጩ መስፈሪያውን ጣለ፣ በግ የያዘው በጉን እንደያዘ ገባ። አንዲት አሮጊት እትዬ ሥራነሽን አንገታቸውን አቅፈው «አንች ሥራነሽ፣ ዛሬም ጉልበት አለሽ?» ሲሏቸው እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡና ትከሻቸውን ለቀቁት። ስልሳ ዓመታቸው ነው። ገበያው ተበተነ ማለት ይቻላል፤ የሚሸጥ የለም፣ የሚገዛ የለም፣ ሁሉም ይዘላል። በጉ ጠፍቶ በኋላ ሽንኩርት ሲበላ ተገኘ።

እኔ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሆኜ ነው የቀረጽሁት። ወደ ዳር ስጠጋ አንድ ሰው የቦርሳዬን ማንገቻ ከኋላ ይዞ እንዳልወድቅ ጠበቀኝ። ዞር ብዬ ማን እንደሆነ አላየሁም፣ ቀረጻ ላይ ነበርሁ። መሰንቆው ግን ያን ጊዜ አይሰማም ነበር።

በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሠርግ ላይ የምቀርጸው የሰው ደስታ ነው። ይህ የእኔም ነበር።

ኅዳር 3

መጥፎ ነገር ሠራሁ።

ዛሬ ትንሿን ማይክ ገዳሙ ጋቢ ላይ አድርጌ ነበር። ሳላነሳለት ስልኩ ጮኸና ወደ ጓሮ ወጣ። ጆሮ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው። ማውለቅ ነበረብኝ። አላወለቅሁም።

«አዎ ጋሼ። አዲስ አበባ ልምጣ ብያለሁ፣ ቃሌ ነው። ትርኢታችን ኅዳር 14 ነው፣ በማግስቱ ሰኞ በማለዳው መኪና እሳፈራለሁ። አይ፣ ሌላ የያዘኝ ነገር የለም። ጤናዬ ብቻ ነው። እስከ ቅበላ ልየውና፣ ካልሆነልኝ መጣሁ።»

የባህል ምግብ ቤት ሥራ መሆኑን እትዬ ሥራነሽ ነገሩኝ። ያውቃሉ። «ሰው አይታሰርም ልጄ» አሉ፣ ግን ድምፃቸው ልክ አልነበረም። ገዳሙ ከሄደ ቡድኑ ከበሮና ትከሻ ብቻ ነው። ባሕር ዳር የሚጠራውም በፊልሙ ላይ ያለውን ቡድን እንጂ የፈረሰውን አይደለም።

ለጤናው ከሆነ መሄዱ ጥሩ ነው። ያ ወጣት ሐኪም ያላየው ነገር ይኖራል። አዲስ አበባ ትልልቅ ሐኪሞች አሉ። ይሂድ።

ለፊልሙ ነው የምጨነቀው።

ኅዳር 4

ለፊልሙ ነው።

ኅዳር 7

ሥራ በዛ። ከሪማ ስድስቱን ቀሚስ ጨረሰች። የወንጌላዊት ጠበባት፣ ተፈታ፣ እንደገና ተሰፋ። ከሪማ መርፌውን በጥርሷ ይዛ «አንች ካሜራ፣ ጆሮሽ ላይ ያለው ነገር ድምፅ ያስገባል ወይስ ይከለክላል?» አለችኝ። «ያስገባል» አልኋት። «እኔስ አይመስለኝም» አለች።

ገዳሙ ዛሬ አልሳቀም። ያንን ግጥም ካለው አምስት ቀን ሆነው። እኔም የጧቱን ሰላምታ ብቻ ሰጥቼው ወደ መብራቴ ሄድሁ። መብራቱ ምንም አልሆነም ነበር።

ኅዳር 9

አዘጋጆቹ ግጥሙ ከምስሉ ሥር በጽሑፍ ይግባ ብለዋል። ላፕቶፑን ከፍቼ መጀመሪያ የሰዎቹን ስም ጻፍሁ። አሠልጣኝ፣ ሥራነሽ። መሰንቆና ድምፅ፣ ገዳሙ። ልብስ፣ ከሪማ። ቀረጻና ቅንብር፣ ጤናዬ። ቀጥዬ ግጥሙን መጻፍ ጀመርሁ። ምነው ከሳህ ቢሉኝ ምን ብዬ ልንገር፣ ጤናዬን

እዚህ ላይ እጄ ቆመ።

ከላይ ጤናዬ። ከታች ጤናዬን። በአንድ እጅ የተጻፉ፣ በአንድ ፊደል።

ቀረጻዎቹን ሁሉ ከመጀመሪያው አየሁ። ሰባት ጊዜ ዘፍኖታል። ሰባቱንም ጊዜ ወደ ካሜራው ያያል። ሌንሱን አይደለም የሚያየው፣ ከሌንሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከሌንሱ ከፍ ብሎ ያለው የእኔ ፊት ነው።

አምላኬ! ዝንጅብሉ! «ለሕመምህ» ብዬ በሰው ፊት! ሐኪም ዘንድ ጎትቼ ወስጄ «ካሜራው ሲበራ ያመኛል» ሲል ቀራጯ ነኝ አልሁ! አጎቴ በጉንደ ወይን የታወቁ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪ ከሩቅ አገር ድረስ ሰም ከወርቅ ሊለይ ወደ እሳቸው ይመጣል። እኔ የእህታቸው ልጅ የገዛ ስሜን ወር ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ አድምጬ የጉንፋን መድኃኒት ይዤ ዞርሁ። ቢሰሙ ከዘር ይፍቁኛል።

የስልኩስ ነገር? «ጤናዬ ብቻ ነው። እስከ ቅበላ ልየውና።» አምስት ቀን ቀርቷል።

ሳቄ መጣ። ብቻዬን፣ ትራስ አፌ ላይ ይዤ፣ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ።

ኅዳር 10

አልሄድሁም። አመመኝ ብዬ ደወልሁ። እትዬ ሥራነሽ «እግዜር ይማርሽ። ይተላለፋል እንዴ?» አሉኝ። ሲስቁ ሰማኋቸው።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ነውና ከተማው በሙሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭስ በጭስ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ክንድ ርቆ ያለ ሰው አይታይም። ገዳሙ ሳለ። ወር ሙሉ ታመመ ስንል የከረምነው ሰው ዛሬ ገና በእውነት ሲስል ሰማሁት። ወንጌላዊት «ካሜራ፣ ዝንጅብሉን አምጭ!» አለች። አልሳቅሁም። ፊቴ ግን ጋለ፣ እሷም አየችው፣ አፏን ያዘች። እንግዲህ ሁሉም አወቁ ማለት ነው።

እትዬ ሥራነሽን ደጅ አስወጣኋቸው።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«የከሪማ ግድግዳ ሳይቀር ያውቃል፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ወርቁን ሰው ከነገረሽማ ምኑን ቅኔ ሆነ?»

«አሁን ምን ልበለው?»

«እኔ ውዝዋዜ ነው የማስተምር» ብለው ገቡ።

ቦርሳው ጥግ ላይ አለ። ቲኬቱን ቆርጧል፣ ሰኞ በማለዳ፣ በደጀን አድርጎ ወደ አዲስ አበባ። ልምምዱ ሲያልቅ ወደ እሱ ሄድሁ። ሁሉንም ልነግረው ነበር፤ ቃሉን ሁሉ ከቤት አጥንቼ ነው የመጣሁ። «ገዳሙ» አልሁት። «አቤት» አለ፣ ቶሎ ብሎ። «ነገ ማይኩን ትንሽ ከፍ አድርገው» አልሁት። «እሺ» አለ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 13

የመጨረሻ ልምምድ። ሁሉም ጥሩ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትሁ። አንዴ ስለ መብራት፣ አንዴ ስለ ባትሪ፣ አንዴ ዝም ብዬ ከፍቼ ዘጋሁት።

ኅዳር 14፣ ቅበላ

መሽቷል። ቢሆንም ልጻፈው።

አዳራሹ ከስምንት ሰዓት በፊት ሞላ። ይጁቤዎች በአይሱዙ መጡ፤ ከሪማ ሱቋን ዘግታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ የቅበላ ሥጋውን በልቶ፣ ፊቱ ወዝቶ፣ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ልጆቹ ሲወጡ ስድስቱ ትከሻ አንድ ሆነ። ወንጌላዊት ፈቀደችለት፤ ትከሻዋ ከእሷ ቀድሞ ሄደ፣ እሷ እየሳቀች ተከተለችው። እትዬ ሥራነሽ መጋረጃው ጀርባ ቆመው በከንፈራቸው ከበሮ ይመታሉ። ያንን ቀረጽሁ። ከዚህ በፊት ይህን የመሰለ ምስል አላነሳሁም።

ከዚያ ተወዛዋዦቹ እንዲያርፉ ገዳሙ ብቻውን ወጣ። እንደ ደንቡ ከሕዝቡ የፈለገ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፣ እሱ በዜማ ይመልሳል። የተሰጠውን አልልም አይባልም። አንድ ሽማግሌ ስለ ጠፋው በግ ሰጡት፣ አዳራሹ ፈረሰ። አንዱ ስለ ሚስቱ ሰጠ፣ ሚስቱ በነጠላዋ መታችው። ሲያበቃ ገዳሙ የራሱን አዜመ፦

ሁሉም ሰው ጠግቦ ጾም ሊገባ ነው፣
ያልቀመሰው ነገ መንገድ ሊወጣ ነው።

ካሜራውን አላየም። መሬት መሬት አየ።

በዚህ መሀል በጆሮ ማዳመጫዬ «ተቀበል!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሴት ድምፅ፣ ቀጭን፣ ከሁሉም በላይ የቀረበ። ማን ናት ቀረጻዬን የምታበላሽ ብዬ ተናደድሁ። ቀና ስል አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞሯል።

እኔ ነበርሁ።

ገዳሙ ቀስቱን አቆመ። «ልቀበል» አለ።

አንድም ስንኝ የለኝም። ሁለት መስመር፣ ቤት የሚመታ፣ ያን ያህል እንኳ የለኝም። ሰዉ ይጠብቃል። ወንጌላዊት በመጋረጃው ቀዳዳ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

«አትሂድ» አልሁ።

ይኸው ነው። ቤት አይመታ፣ ሰም የለው፣ ወርቅ የለው። አትሂድ ማለት አትሂድ ማለት ነው።

ደንብ ነውና መቀበል አለበት። ቀስቱን አነሳና «አትሂድ» ብሎ አዜመ፣ ለራሱ በራሱ አፍ። ከበሮው ገባ። ተወዛዋዦቹ ከመጋረጃው ወጥተው «አትሂድ! አትሂድ!» እያሉ ከበቡት። ይጁቤዎች ተነሥተው ያጨበጭባሉ። ስንት ጊዜ እንዳለው አልቆጠርሁም፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ፊቱም ይፈታል። ከሪማ ወንበሯ ላይ ቆማ «ጨምሪለት እንጂ! በአንድ ቃል ይሄዳል እንዴ ሰው?» ብላ ጮኸች።

ጆሮ ማዳመጫውን አወለቅሁ። «ሰምቼሃለሁ» አልሁት።

ይህንንም መቀበል ነበረበት። አፉን ከፈተ። ቀስቱ ጭራው ላይ ሄዶ ቆመ፣ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረ፣ አልወጣም። የሰጡትን ሁሉ ሲመልስ የኖረ ሰው የእኔን አንዲት ቃል መመለስ አቃተው፤ መሰንቆውን አስቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ልጆቹ ተቀብለው ዘፈኑለት።

ኅዳር 15

የማለዳው መኪና ያለ እሱ ሄደ። አዲስ አበባ ደውሎ ነገራቸው፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት ተቆጥተው ኋላ «ደግ አደረግህ» አሉት አለ። እትዬ ሥራነሽ ስልኬ ላይ እልል ብለው ዘጉት፣ ሌላ ቃል የለም።

ፊልሙን በከፊል በትዕግሥት፣ በከፊል በስለት ላክሁት፤ ኔትወርኩ አምስቴ ተቋርጦ በስድስተኛው ገባ። መጨረሻው የሚያሳየው የአዳራሹን ኮርኒስና የአንድ ሰው ጀርባ ነው፤ እኔ ትቼው ወደ ገዳሙ ሄጄ ነበርና ካሜራውን የያዘ ማንም አልነበረም። ልቆርጠው አስቤ ተውሁት። ቢጠሩንም ባይጠሩንም እውነቱ ይኸው ነው።

ዛሬ ጾም ገባ፣ እስከ ገና ጭፈራ የለም። ገዳሙ ከቀትር በኋላ ቤቴ መጣ። ያለ መሰንቆ መጣ፣ ያለ ካሜራ ተቀበልሁት። ሽሮ በላን።